ላሞች የመረቁት መናፈሻ

ጤናውን ፍለጋ ወጥቶ የመናፈሻ ቁልፍ ተሸክሞ የተመለሰ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔን እዩኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ ከሚለይበት ብዙም ሳልርቅ፣ ካንድ ሱቅ በረንዳ ሥር የስፌት መኪናዬን አቁሜ የአገሬውን ሱሪ ሳሳጥርና ሳስረዝም ፀጉሬ ሸበተ። የልብስ ሰፊ እግር ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ይውላል፤ የትም ግን አይደርስም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ይህን ሩጫ ሩጫ ብላ አልቆጠረችልኝም። የደም ግፊቴን ለካች፣ ፊቷን ቅጭም አደረገች፣ ደግማ ለካች።

"አባባ፣ መቀመጥ ይቀንሱ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ" አለችኝ።

"ወዴት?"

"ወዴትም። ዝም ብለው ይሂዱ።"

ዝም ብሎ መሄድ! ይቺ ልጅ አገራችንን አታውቀውም አልሁ በልቤ። እኛ ዘንድ ሰው የሚሄደው ወይ ወደ ገበያ ነው፣ ወይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ ወደ ለቅሶ ነው። ከነዚህ ወደ አንዱም ሳይሆን የሚሄድ ሰው ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ ልቡናው ጠፍቶበታል።

እንደ ፈራሁትም ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ገና ከሰፈሬ ሳልወጣ አንዱ ጎረቤቴ አስቆመኝ።

"አህያ ጠፋብህ እንዴ?"

"ኧረ አህያ የለኝም።"

"ታዲያ የማንን አህያ ነው የምትፈልገው?"

ባጃጅ ሁሉ አጠገቤ እየደረሰ ይቆማል። "ይግቡ ጋሼ፣ እናድርስዎ!" ይሉኛል። የምደርስበት ስለሌለኝ ሊያደርሱኝ እንደማይችሉ ማስረዳት አቃተኝ። ሲመሽ ቤቴ ብገባ ባለቤቴ የሺ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ሰው ሁሉ 'ባልሽን ምን ነካው?' እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ። ወይ አንድ ነገር ተሸክመህ ሂድ፣ ወይ ቁጭ ብለህ በግፊትህ ሙት!"

በማግስቱ ባዶ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ማንም ምንም አላለኝ። አንዳንዱማ "በርታ!" ብሎኝ አልፏል። ለካ ሰው ጉዳይ ያለህ ይምሰለው እንጂ፣ ጉዳይህ ባዶ ጆንያ ቢሆንም ግድ የለውም።

እንዲህ ጆንያዬን ይዤ ስሄድ የደረስሁበት ቦታ ነው እንግዲህ መዘዙን ያመጣው። በጎንደር መንገድ ከከተማው ስትወጡ በስተግራ፣ የኛ ሰፈር ቤቶች አልቀው የሩዙ ማሳ ከመጀመሩ በፊት፣ አንዲት ጉብታ አለች። ትልቅ አይደለችም፤ ግን ፎገራ ሜዳ ላይ ትንሽ ቀና ያለ ሁሉ ተራራ ነው። እላይዋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስትሉ ሜዳው ከእግራችሁ ሥር ተነሥቶ ዓይናችሁ እስኪደክም ይዘረጋል። ሰማዩ ሲገለጥ ከማዶ ጣና ብልጭ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የሰው ልብስ ጠርዝ ስሰፋ የኖርሁ ሰው፣ ጠርዝ የሌለው ነገር ሳይ ጊዜ ነፍሴ ዕረፍት አገኘች። ነርሷ መቀመጥ ቀንስ ማለቷን ረስቼ በየቀኑ እዚያ እየሄድሁ እቀመጥ ጀመር።

ይህን የሰፈሩ ሰው ሲያይ ከርሟል።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ኮሚቴ ጉብታዋን መናፈሻ ሊያደርግ ተነሣ። ሰብሳቢው ጋሽ በሪሁን ናቸው። ጋሽ በሪሁን የመንገድ ሥራ ካቦ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዙት ሠራተኛ ስለሌላቸው የሰፈሩን ሰው ያዛሉ። ድምፃቸው አሁንም ከድንጋይ መፍጫ ጋር እየተሟገተ ያለ ይመስላል። ለእሳቸው ዓለም ሁለት ወገን ናት፤ ሲሚንቶ የነካትና ገና ያልነካት።

በስብሰባው መካከል ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"ይህ ሰው ለጉብታዋ ፍቅር አለው። በየቀኑ እየሄደ ሲያያት አይቻለሁ። የመናፈሻው ቁልፍ ያዥና የታሪክ ክፍል ኃላፊ እሱ ይሁን!"

ጉባኤው አጨበጨበ። የደም ግፊት ነው የወሰደኝ ልል ነበር፤ ጭብጨባ ካለቀ በኋላ እውነት መናገር ግን ከሠርግ ቤት እንግዳ ማስወጣት ነው።

ሥራው ተጀመረ። ጉብታዋ በሽቦ ታጠረች። የብረት በር ተገጠመላት። የሲሚንቶ መቀመጫዎች፣ የልጆች ዥዋዥዌ፣ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ፣ "ወንድ" እና "ሴት" የሚል የተጻፈበት መጸዳጃ ተሠራ። ከሌላ ቦታ ሣር ተነቅሎ መጥቶ ተተከለ፤ ሣር ባለበት አገር ሣር መትከላችን አስደነቀኝ፤ ቢሆንም ጋሽ በሪሁን "ያኛው ሥርዓት የሌለው ሣር ነው" አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፏፏቴው ነው። አገራችን በላም የታወቀ ስለሆነ ከመናፈሻው መካከል የፎገራ ላም ሐውልት እንዲቆምና ከእሷ ውኃ እንዲፈስ ተወሰነ። ውኃው ከየቷ ይውጣ የሚለው ጉዳይ ኮሚቴውን ለሁለት ሊከፍለው ምንም አልቀረው።

"ከአፏ ይውጣ" አለ አንዱ።

"ላም ውኃ ትጠጣለች እንጂ ትተፋለች?"

"እሺ፣ ከጡቷ ይውረድ።"

"ከላም ጡት ውኃ ሲወርድ መንገደኛ ቢያይ፣ ወረታዎች ወተት ላይ ውኃ ይጨምራሉ ሊለን ነው?" አሉ አንዲት የወተት ነጋዴ፤ ነገሩ ልባቸውን የነካቸው መሰሉ።

"እንግዲያማ የቀራት መውጫ አንድ ነው" አለ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ፤ ስብሰባው በሣቅ ፈረሰ። በኋላ ጋሽ በሪሁን በራሳቸው ሥልጣን ከቀንዷ ጫፍ እንዲወጣ አዘዙ። ግንበኛው ደግሞ ከላም ይልቅ አህያ መሥራት የሚቀናው ሰው ነበረና፣ ቀንድ ያላት፣ ከቀንዷ ውኃ የምትረጭ፣ አንድ የተናደደች አህያ ቆመችልን። ጥቁርና ነጭ ቀለም ሲቀባት ትንሽ ላም መሰለች። ትንሽ።

እኔም ታሪክ ፍለጋ ወጣሁ። ታሪክ መፈለግ ማለት፣ ወዳጆቼ፣ ሰው ሁሉ የአባቱን ስም ይዞ በራፍህ ላይ እንዲሰለፍ መጥራት ነው። አንዱ አባቱ በዚያች ጉብታ ላይ ጅብ በጡጫ እንደ ገደሉ ነገረኝ። ሌላው አባቱ በዚያው ቦታ በቅሎ ጠፍቶባቸው እንደ ነበር ነገረኝና መናፈሻው በበቅሎዋ ስም እንዲጠራ ጠየቀኝ። በሜዳው ካሉት ደብሮች በአንዱ የሚያገለግሉትን መሪጌታ ሐዲስን ገበያ ላይ አግኝቼ "መሪጌታ፣ የጉብታዋን ታሪክ ያውቃሉ?" ብላቸው፣ "ልጄ፣ የሠራት እግዚአብሔር ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ጭማሪ ነው" ብለውኝ ሽንኩርታቸውን ሊመርጡ ዘወር አሉ።

አንድ ሰው ብቻ ስለ አባታቸው ሳይሆን ስለ ላሞቻቸው ነገሩኝ። አያ መኩሪያው ይባላሉ፤ ከርብ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሱሪ ሊያሰፉ መጥተው ወገባቸውን ስለካ ነው ያወጉኝ።

"ርብ የተቆጣ ክረምት ከብቶቻችንን እዚያች ላይ ነው የምናሰፍር" አሉኝ። "ሜዳው ሁሉ ባሕር ሲሆን እሷ አትሰጥምም። እናቴ እኔን አዝላ ወጥታባታለች። እኔም ልጆቼን።"

ደስ ብሎኝ ወደ ጋሽ በሪሁን ሮጥሁ። ሰምተው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዳ ተጠርቶ፣ ሪባን ተዘርግቶ፣ አንተ ተነሥተህ ስለ እበት ልትናገር ነው? ንጉሥ ፈልግ!"

"የትኛውን ንጉሥ?"

"ንጉሥ መቼም አላፊ ነው፤ አንዱ ሳያልፍባት አይቀርም።"

እኔም ፈሪ ነኝና ንጉሥ ፈለግሁ። "በጥንት ዘመን አንድ ታላቅ ንጉሥ በዚህች ጉብታ ላይ ድንኳናቸውን ተክለው እንደ ነበር ይባላል" የሚል ታሪክ አሰናዳሁ። "ይባላል" የምትባለዋን ቃል የፈጠራት ሰው ነፍሱን ይማረው፤ እሷ ባትኖር ስንቶቻችን አፋችንን ዘግተን እንኖር ነበር!

ምረቃው የፍልሰታ ፆም ከተፈታ በኋላ ላለው እሑድ ተቆረጠ። የሰፈሩ ሴቶች ዳቦ ሊጋግሩ፣ ወጥ ሊሠሩ ተከፋፈሉ። ዝናቡ ግን የምረቃ ጥሪ ያልደረሰው ይመስል ያለ ፋታ ይዘንብ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳን ለሚተክሉት ሰዎች በሩን ልከፍት ቀድሜ ሄድሁ። ጉብታዋ ላይ ደርሼ ቀና ስል ሜዳው የለም። ትናንት ሩዝ የነበረው ሁሉ ውኃ ሆኗል። ጣና ከማዶ ተነሥቶ ሊጠይቀን የመጣ መሰለኝ። በዚያ ውኃ መካከል፣ ባለችው ቀጭን የመንገድ ጀርባ ላይ፣ አንድ ረጅም ሰልፍ ይመጣል፤ ከብት፣ ሰው፣ ፍየል፣ እቃ የተሸከመ አህያ። ከፊት አያ መኩሪያው ናቸው። ጥጃ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። ከኋላቸው ምራታቸው ሕፃን አዝላ፣ ዶሮ በብብቷ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትከተላለች። መሪጌታ ሐዲስም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከመካከል ነበሩ።

አያ መኩሪያው በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። ጥጃውን አወረዱና ሽቦውን ዳሰሱት።

"ወንድምዓለም፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"መናፈሻ ነው አያ መኩሪያው።"

"ምን ይደረግበታል?"

"ሰው... ይናፈስበታል።"

"እንግዲህ እኛም መተንፈሻ አጥተን ነው የመጣን። ክፈትልን" አሉኝ። ሲቀልዱ አልነበረም።

ስልኬን አውጥቼ ጋሽ በሪሁን ጋ ደወልሁ። ነገሩን ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ፈነዱ።

"እንዳትከፍት! ሰምተሃል? ሣሩ ገና አልያዘም! ነገ ምረቃ ነው! እየመጣሁ ነው!"

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስነግራችሁ እንዳትታዘቡኝ። ቁልፉን ይዤ የጠፋብኝ መስዬ ኪሴን ፈተሽሁ። አንደኛውን ኪስ ፈተሽሁ፣ ሌላኛውን ፈተሽሁ፣ ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያውን። ቁልፉ በቀኝ እጄ ሆኖ ለሰው ሁሉ ይታይ ነበር። አያ መኩሪያውም ያዩታል። ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከኋላቸው ውኃው መንገዱን እየላሰ ይጠጋል፤ የሕፃኑ እናት ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ እፍ እያለች እጁን ታሞቃለች። ፈተሻዬን የምቀጥልበት ኪስ አለቀብኝ።

ከፈትሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም። ያንን ዝምታ መቻል አቅቶኝ ነው።

ፍየሎቹ ቀድመው ገቡ፤ ፍየል የተከፈተ ነገር ግብዣ ይመስላታል። ሰዎቹ ገቡ፣ ጥጆቹ ገቡ። ከዚያ የአያ መኩሪያው ላም ሻሼ መጣች። ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ አለ። የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ሆዷ እንደ ጎተራ ሰፍቷል። በሩ ደግሞ ጋሽ በሪሁን ሰው አንድ በአንድ በሥርዓት እንዲገባ ብለው ያጠበቡት በር ነው። ሻሼ ራሷን አስገባች፣ ደረቷን አስገባች፣ ሆዷ ላይ ስትደርስ ሁለቱ የሲሚንቶ ምሰሶዎች መካከል ተቀረቀረች። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ከኋላዋ ያለው ከብት ሁሉ ይገፋል። ከከብቱ ኋላ ውኃው፤ በግራ በቀኝ ያለውን ሽቦ የሚቆርጥ ነገር ደግሞ ማንም አልያዘም።

ገፋን። ሳብን። እኔ ግራ የገባው ሰው የለመደውን ያደርጋልና፣ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ የሻሼን ወገብ ለካሁት። ከዚያ በሩን ለካሁ።

"አታልፍም" አልሁ።

"እሱንማ እሷም አውቃዋለች" አሉኝ አያ መኩሪያው።

ሻሼ ጉልበቷ ታጠፈ። ምጥ ይዟት ኖሯል። አያ መኩሪያው አንገቷን ደገፉ። ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አሏት፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ቀና ብለው ኋላቸው ያለውን ሰልፍ አዩ። የጎረቤቱ ከብት ሁሉ፣ የዘመዱ ከብት ሁሉ ውኃ ውስጥ ቆሟል።

"ቢላ አምጡልኝ" አሉ። "እዚሁ ትታረድና ሌላው ይለፍ።"

አንዱ ጎረቤታቸው ከእቃው መካከል ቢላ ሊፈልግ ሄደ። ምራታቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በዚህ መካከል ነው ጋሽ በሪሁን ከወደ ከተማው በኩል ጃንጥላቸውን እንደ ጦር ሰብቀው የደረሱት። በዚያኛው ጎን ያለውን ሽቦ ተሻግረው ገቡና የተተከለው ሣር ላይ ፍየል፣ መቀመጫው ላይ የረጠበ ጋቢ፣ በሩ ላይ ላም አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። እንደዚያ ቀን ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ከእኔ ጀምረው እስከ አያቴ ወጡ።

"ቁልፍ ሰጠሁህ፣ አገር አስረከብህ! አንተ ልብስ ሰፊ ሳትሆን ልብስ ቀዳጅ ነህ! አንተ..."

አንድ ሰው ቢላ ይዞ ሲመጣ አዩት። ስድቡ ከአፋቸው ላይ ቆመ።

"ያ ምንድን ነው?"

"ላሚቱ ልትታረድ ነው ጋሽ በሪሁን" አልሁ። "አላልፍ አለች።"

ላሚቱን አዩ። ሆዷን አዩ። ያንን ምሰሶ አዩ፤ ራሳቸው ቆመው ሲሚንቶውን ያስቦኩት፣ ሦስት ቀን ውኃ ሲያጠጡት የሰነበቱት ምሰሶ ነው።

"አስቀምጥ ቢላውን" አሉ። "ላም ምን አጠፋች? የሚታረደው በሩ ነው! ዲጂኖ አምጡ!"

ድንኳን ሊተክሉ ከጋሽ በሪሁን ኋላ የደረሱት ሰዎች ዲጂኖ ይዘው ነበር። ጋሽ በሪሁን ጃንጥላቸውን አስያዙኝና ኮታቸውን አወለቁ። "ለማንም አልሰጥም! የት እንደሚደክም የማውቀው እኔ ነኝ!" ብለው ዲጂኖውን አነሡ። በያንዳንዱ ምት እኔን ይሰድባሉ። እጃቸው ይረዳል፣ አፋቸው ይራገማል። "ይኼን ምሰሶ..." ድው! "...ያቆምሁት..." ድው! "...ለሰው ነበር!" ድው! እኔም ዝናብ እንዳይመታቸው ጃንጥላውን ይዤ ከኋላ ከኋላቸው እከተላለሁ፤ ሥራ ፈትቼ ባለመቆሜ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ምሰሶው ዘመመ፣ ተሰነጠቀ፣ ወደቀ። ሻሼ ተንደረደረችና ፏፏቴው ሥር ደርሳ ተዘረረች። ሰልፉ ሁሉ ተከትሎ ገባ።

መናፈሻችን የተመረቀው እንግዲህ በዚያ ሰዓት ነው። ምኑ ቀረ! ፍየሎቹ ለነገ የተዘጋጀውን ሪባን በሉት። ከሣሩ አንድም ሥርዓት ያለው ዘር አልተረፈም። "ወንድ" የሚለው ክፍል ውስጥ ዶሮዎች፣ "ሴት" በሚለው ውስጥ የእህል ጆንያ ገባ። ዥዋዥዌው ላይ የሕፃኑ አንቀልባ ታስሮ እሹሩሩ ተባለበት። ቧንቧው ጭቃ ሲያጥብ ዋለ። አንድ ኮርማ ሐውልቷን ከሩቅ አይቶ ወደዳት፤ ሄዶ አሸተታት፣ ዞራት፣ አንገቱን አንገቷ ላይ ጣለ። መልስ ሲያጣ ተቀይሞ በቀንዱ ገፋትና ጎኗ ተነደለ። ያን ጊዜ ከቀንዷ ይወጣ የነበረው ውኃ ከጎኗ መፍሰስ ጀመረ። መውጫዋ በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ።

ሻሼ ከቀትር በፊት ጊደር ወለደች። ጋሽ በሪሁን "ያዝ! ሳብ! ቀስ!" እያሉ ሲያዙ ሰምታ የወለደችው በፍርሃት ይሁን በምጥ አላውቅም። እርጥቧ ጥጃ ስትቆም፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትቆም ሰው ሁሉ ያያት ነበር። አያ መኩሪያው ወደ ጋሽ በሪሁን ሄደው ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ ጋሽ በሪሁን ወደ ኋላ ዘለሉ።

"ተው አንተ! ሽማግሌ አይደለህም እንዴ? ሣሬን ነው ያስበላህ!"

እሑድ የተጠሩት እንግዶች አልመጡም፤ እነሱም የጎርፍ ሥራ ይዟቸዋል። የሺ ማለዳ ተነሥታ የዳቦውን ሙልሙል እየጠቀለለች፣ "ለምረቃ የተጋገረ ዳቦ ምረቃው ካለበት ይሄዳል እንጂ እቤት ይሻግታል?" አለች። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ወጡን ዳቦውን ተሸክመው ወደ ጉብታዋ ወጡ። መሪጌታ ሐዲስ ባረኩ። በላን። በልተን ስንጨርስ ጋሽ በሪሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ፕሮግራም ፕሮግራም ነው። የታሪክ ክፍል ኃላፊ ይነሣ።"

ወይ ጉድ! ከብትና ገበሬ መካከል ተነሥቼ ቆምሁ። ሌላ የማውቀው የለምና ያንኑ ያሰናዳሁትን ጀመርሁ።

"በጥንት ዘመን አንድ ታላቅ ንጉሥ በዚህች ጉብታ ላይ ድንኳናቸውን ተክለው እንደ ነበር ይባላል..."

አያ መኩሪያው በአክብሮት ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን አወጡ።

"የትኛው ንጉሥ?"

"ስማቸው... አልተገኘም።"

"ከብት ነበራቸው?"

"ንጉሥ ናቸውና መቼም ይኖራቸዋል።"

"በክረምት ነው በበጋ የመጡ?"

ንጉሡን ከፈጠርኋቸው ጀምሮ ይህን አላሰብሁበትም። "በክረምት ይመስለኛል" አልሁ።

አያ መኩሪያው ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ። "እንግዲያው እሳቸውንም ርብ ነው ያባረራቸው። እንኳን ደረቅ መሬት አገኙ!"

ጉብታዋ በሣቅ ተናወጠች። መሪጌታ እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ከለሉ። ጋሽ በሪሁን ሊቆጡ ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ግን ከንፈራቸው ከዳቸውና ፊታቸውን ወደ ሐውልቷ አዞሩ። እኔም ተቀመጥሁ። ብዙ ታሪክ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ባለ ታሪኩ ራሱ ቁጭ ብሎ፣ ዳቦ በእጁ ይዞ ያረመው ግን ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ውኃው ሲጎድል ሄዱ። ሜዳው ጭቃ ሆኖ፣ የሩዙ ቡቃያ ተኝቶ ቀረ። ሲሄዱ የረገጡትን ለማስተካከል ደክመዋል፤ መቀመጫዎቹን አጥበዋል፣ የወደቀውን ሽቦ ደግፈዋል። አያ መኩሪያው ሲሰናበቱኝ የሰፋሁላቸውን ሱሪ ለብሰው ነበር፤ ጭቃው ከጨርቁ ገዝፏል። "የቀረኝን እሱ ያውቃል" አሉኝ ወደ ሜዳው እያዩ። ስለ ሩዙ ነው። እጃቸውን ያዝሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መናፈሻው መበላሸቱ ሳይሆን፣ ያን ኪሴን ስፈትሽ የቆየሁበት ጊዜ ነበር የሚከነክነኝ። አጭር ነበር። ቢሆንም ከኋላቸው ውኃ ነበረ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንዳንዱ ደግ አደረግህ አለኝ፣ አንዳንዱ የሰፈሩን ልፋት አስበላህ አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቁልፉን እንድመልስ ሐሳብ ሲቀርብ የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ተጠየቀ፤ እኔም አወጣሁ። ጋሽ በሪሁን ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነሡኝ። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ጉብታዋ ብወጣ ብቻቸውን ሲሠሩ አገኘኋቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው አዲስ ምሰሶ ሊያቆሙ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ሲሚንቶው ቦክቷል። ጉድጓዱ ከወዲያኛው ምሰሶ የራቀበት ርቀት ግን የበር አይመስልም፤ ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ ያስገባል።

"እንደምን ዋሉ ጋሽ በሪሁን?"

አካፋቸውን ሲሚንቶው ውስጥ ሰደዱ።

"ጉድጓዱ ተራራቀ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ይኼ ሁሉ ስፋት ለምን ነው?"

አካፋቸውን አቆሙ። ወደ ሜዳው አዩ፣ ወደ እኔ ግን አላዩም።

"ለባጃጅ ነው" አሉ።

"ባጃጅ መናፈሻ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?"

"አያገባህም! ሥራ ካጣህ ና ይኼን ያዝ። ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ እንዳይዘም።"

ሄጄ ምሰሶውን በሁለት እጄ ያዝሁ። እሳቸው በአካፋ ይሞላሉ፣ በእግራቸው ይረግጣሉ። ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘቅዝቃ ነበር። ሲሚንቶው እስኪጨብጥ ድረስ፣ ምሰሶውን ከሁለት ወገን ይዘን ቆየን።